ሳፋው ውስጥ ያለው ቢጫ

ጦርነቱ ሊደርስብን ሲል ወልድያ ላይ አባቴን ያየው ሐኪም ጉበቱ ላይ ዕጢ አገኘ። ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት የሚቻለው የሚተርፈው ጉበት የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ሄዶ ኤምአርአይ ይነሣ አለን። መርሳ ተመልሰን ስንቅ ስናዘጋጅ መንገዱ ተዘጋ።

ለወራት ቤት ተቀመጥን። የአባቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቻችን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ከውርጌሳ በኩል መድኃኒት አዋቂ አመጡ። ሰውየው የተወቀጠ ሥር ውኃ ውስጥ ጨምሮ፣ እድፍ በሞላው ጣቱ አማስሎ አባቴን አጠጣው። አባቴ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ። ይኼኔ ሰውየው ሳፋውን ከፍ አድርጎ ቢጫውን ለጎረቤት ሁሉ አሳየ።

«ይኸው! በሽታው ወጣ!»

እነሱም አንገታቸውን አስግገው እያዩ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ትውከት እያዩ! ሰውየው እየተመላለሰ ይህንኑ ደጋገመው። ሳፋውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሽታው ከእጄ አይለቅም ነበር።

መንገዱ ሲከፈት የምርመራ ወረቀቱን ለመውሰድ መጀመሪያ ወልድያ ሄድን። አባቴ የታየበት የሆስፒታል ክፍል ተዘርፎ፣ ሊወሰድ ባልቻለው አልጋ ላይ ዘራፊዎቹ ተጸዳድተውበታል። ሰው በሽተኛ በሚተኛበት ላይ እንዲህ ያደርጋል?

አዲስ አበባ ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የሚሠራ ጉበት ያንን ይጠጣና ምስሉ ላይ ይደምቃል፣ የማይሠራው እንደጠቆረ ይቀራል። ዕጢው እንደሚጠቁር አውቄ ነበር። ምስሉን ስታሳየን ግን ዙሪያውም ጨልሟል።

«አባት፣ ምን ሲጠጡ ነበር?» አለችው።

አባቴ ነገራት።

«ሥሩ ሳይጎዳዎት አልቀረም። ዕጢውስ ይቆረጥ ነበር፤ የሚሠራ ጉበት ግን አልተረፈም።»

መርሳ ስንመለስ መድኃኒት አዋቂው ሊጠይቀን መጣ። ፍራሹ ላይ ተመቻችቶ ያቀረብንለትን በላ፣ ጢሙን ጠረገ።

«ያኔ ባላወጣለት ኖሮ እስካሁን ቀብረነው ነበር፣ ወላሂ! አንድ ጊዜ ቢደገም ይጨርሰዋል። ሳፋው የታለ?»

ፊቱ ላይ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። እንዲያባርርልኝ ወደ አባቴ ዞርኩ።

አባቴ በቢጫ ዓይኑ እየለመነኝ ነበር።

«አምጭለት ልጄ» አለኝ።

ሳፋውን አመጣሁ።