አልደረሰም የተባለው ወይን

ሥራዬ መንቀል ነው። ትራክተር አለኝ፤ ከኋላው ሰንሰለትና መንጠቆ ተበጅቶለታል። በእነዚህ የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ስንት ያረጀ የወይን ግንድ ከነሥሩ መንግዬ እንዳወጣሁ ቁጥሩን እኔም አላውቀው። ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጅ ይጠራል፤ ገበሬ ወይኑ ሲሰለቸው ደግሞ የሚጠራው እኔን ነው፤ ስሜ ቪጂን ይባላል። ያን የኅዳር ጠዋት አክስቴ ዴልፊና ቤት የሄድኩትም ለዚሁ ነበር። ሳልነቅል ተመለስኩ፤ ደግሞም አልቆጨኝም።

ዴልፊና ያኔ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ ወይን ሲያስሩ ነው የኖሩት። መጋቢት ሲገባ የአኻያ ቀንበጥ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉና ወገባቸው ላይ ሸጉጠው እያንዳንዱን ሐረግ በአንድ ጥምዝ ከሽቦው ጋር ያስሩታል። ቢላዋ የለ፣ ገመድ የለ፣ አውራ ጣት ብቻ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ከዚሁ የተነሳ ወደ ውጭ እንደተቀለሰ ቀርቷል። የእኩል አራሽ ልጅ ነበሩ፤ ወይኑ የባለመሬቱ ነው፤ ለእነሱ የሚደርሳቸው በተጨመቀው ልጣጭ ላይ ውሃ ተደርጎ የሚወጣው ቅራሪ ነበር። አግብተው የራሳቸው ቁራሽ መሬት ከተገኘ በኋላም ያው ነው፤ ጥሩው ይሸጣል፣ ቅራሪው ይጠጣል። ሴትዮዋ ወይን ሲያስሩ ወይን ሳይቀምሱ አረጁ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

መሬቱን የገዙት ባላቸው ባቲስታ ናቸው። ከጦርነቱ እንደተመለሱ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ገደላማ ቁራሽ ገዝተው ኔቢዮሎ ተከሉበት። ኔቢዮሎ ችኮ ወይን ነው፤ ዘግይቶ ይበስላል፣ ሲጠመቅም ለሰው ቶሎ ፊት አይሰጥም። በተተከለ በአሥራ አንደኛው ዓመት እግዜር የባረከው መኸር መጣና ባቲስታ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሳይሸጡ ለራሳቸው አስቀሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው አላስቀምጥ አላቸው። ለሠርግ አንድ፣ ለክርስትና አንድ ስጡ ሲባሉ አሥራ አንዱ አለቀ።

አንዷ የተከፈተችው በእኔ ሠርግ ላይ ነው። ገና ስጎነጨው ምላሴ ጭምድድ አለ። ሰው የሚያስቅ ነገር ከአፌ ካልወጣ የማይመቸኝ ሰው ነኝና፣ «ጎበዝ፣ አጎቴ ባቲስታ የጠመቁት ወይን አይደለም፣ የቆዳ ማልፊያ ነው!» አልኩ። እሳቸውና አክስቴ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቀልዴ ከመንደር መንደር ዞረ፤ ሰውየውም እስኪሞቱ ድረስ «ቆዳ አልፊው» እንደተባሉ ኖሩ። እሳቸው «አልደረሰም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። አልደረሰም እንዳሉ ሞቱ። አንድ ጠርሙስ ቀረች።

ልጃቸው ኤሊጆ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል እንጂ። ወይኑን ነቅሎ የለውዝ ዛፍ ልትከል ብሎ እናቱን ሦስት ዓመት ለመናቸው። የጣፋጭ ፋብሪካው ለውዝ አምጡ እያለ ይጣራል፣ የእኛን ወይን ግን ያን ጊዜ የሚጠይቀው አልነበረም። መሬቱ በእናቱ ስም ነው። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ግን አንድ ግንድ ከመነቀሉ በፊት ያቺ ጠርሙስ ትከፈት አሉ።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሞቶ ከሆነ ንቀሉት» አሉን ያን ጠዋት፣ ባርኔጣዬን እንደደፋሁ ስገባ። «በሕይወት ካለ ግን ያን መሬት የሚነካ ከእኔ ጋር ይተያያል።»

«እማዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እኮ ነው!» አለ ኤሊጆ። «ኮምጣጤ ሆኗል ብዬሻለሁ።»

«አንተ ጠርሙሱ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ዝም ብለህ ክፈት።»

አተላው እንዲዘቅጥ ጠርሙሷን ሦስት ቀን አቁመዋት ነበር። ዳቦና የበግ አይብ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። ቡሹ ሲሳብ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ኤሊጆ በሦስት ብርጭቆ ቀዳ። ቀለሙን ሳይ በቃ ሞቷል አልኩ፤ ቀይ የምለው ነገር ሄዶ የጡብ መልክ ይዟል፣ ጠርዙማ ወደ ብርቱካን አድልቷል። ሽታው የተዘጋ ምድር ቤት ሽታ ነው። እኔ ለሟቹ ክብር ስል እንደ መራራ መድኃኒት አፍንጫዬን ይዤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ምንም አልነበረውም።

ኤሊጆ አሸተተና ብርጭቆውን መለሰ። «ነፍስ ይማር» አለ። ከበሩ ጀርባ የቤቱ የኮምጣጤ በርሜል አለ፤ ሄዶ ብርጭቆውንም ጠርሙሱንም እዚያ ገለበጠው። «ቢያንስ ለሰላጣ ይሁን።» የእናቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ዴልፊና ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«የኔን ተወው።»

«እማዬ፣ ቃል ገብተሻል።»

«መቼ አጠፍኩ? ሳልጠጣው ሞተ አይባልም። ደግሞ ጭጋጉን እየው፤ ቪጂን አሁን ትራክተር ይዞ ገደል ሊገባ ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ የራሴ ትራክተር ከመስኮቱ አይታየኝም ነበር። ተቀመጥን። እኔና ኤሊጆ አይብ እየበላን ከየትኛው ረድፍ እንደምንጀምር፣ የተነቀለው ግንድ ለማን ቤት ማገዶ እንደሚሆን እንነጋገራለን። ዴልፊና አይሰሙንም። ብርጭቆዋን፣ ብርድ የመታው ጫጩት እንደሚያሞቅ ሰው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈዋታል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አልቀረም።

ከዚያ በሩን ማን ከፈተው ብዬ ዞርኩ። በሩ ዝግ ነው። ግን ጽጌረዳ ይሸተኛል። በኅዳር ጽጌረዳ! ኤሊጆም ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጡን አቆመ። ጽጌረዳው ሳይሄድ ሌላው መጣ፤ በበጋ መንገድ ሲነጠፍ የሚሸተው ሬንጅ፣ ከዚያ የደረቀ ቅጠል፣ ከዚያ ስም ያላገኘሁለት ነገር። ሁሉም የሚመጣው ከዚያች እፍኝ ከማትሞላ ብርጭቆ ነው፤ ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ታፍኖ የኖረ ወይን አየር አግኝቶ እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል።

ዴልፊና ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ፤ እንዲያውም ሕመም ነገር የያዛቸው መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሲገልጡት ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም።

«ደርሷል» አሉ።

ብርጭቆውን ለልጃቸው ሰጡት። ኤሊጆ አንዴ ተጎነጨ፣ አስቀመጠው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኮምጣጤው በርሜል ዞረ። የዚያን ሰው ፊት አልረሳውም።

«እማዬ፣ ምን አደረግሁ?»

«አባትህን ሰላጣ ላይ ደፋኸው» አሉት። ሳቃቸው መጣ። «በል ለቪጂን አሳልፍለት። ለዚያ ምላሱ ባይገባውም።»

ደነገጥኩ። «ቀልዱ የኔ እንደሆነ ያውቁ ነበር እንዴ አክስቴ?»

«አጎትህም ያውቅ ነበር።»

የቀረችው አንዲት ጉንጭ ናት። ስትነካኝ ያ በሠርጌ ቀን ምላሴን የጨመደደው ጉምዛዜ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ፤ አለ፣ ግን ለስልሷል፣ ተሸክሞ የሚያቆም እጅ ሆኗል። ዋጥኩት፣ አልሄደም። ቆየ፣ ሰፋ፣ ሌላ ሆኖ ተመለሰ። ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ለባዶ ብርጭቆ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። በሳቅኩበት ቀንም ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበረ። እኔ አፍ እንጂ ጊዜ አልነበረኝም። የሠራው ሰው ደግሞ ይደርሳል ብሎ አምኖ፣ የደረሰውን ሳይቀምስ ሞተ። «አጎቴ ባቲስታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት። ማንም አልሳቀም።

ጭጋጉ ሲገለጥ ኤሊጆ ራሱ ወጥቶ ሰንሰለቱን ከትራክተሬ ፈታልኝ። ስለ ለውዝ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለም።

በመጋቢት ዴልፊና ገደሉ ላይ ሐረግ ሲያስሩ አየኋቸው፤ ኤሊጆ ቀንበጥ ያቀብላቸዋል። የዚያን ዓመት ወይን ተጠምቆ፣ በርሜል ውስጥ ቆይቶ፣ ወደ ጠርሙስ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ለማገዝ ሄድኩ። ኤሊጆ አሥራ ሁለቱን ለይቶ ምድር ቤቱ ጥግ አስተኛቸው። ጠመኔ አንስቶ ግድግዳው ላይ ሊጽፍ ሲል ቆመ።

«እማዬ፣ ስንት ዓመት ይቀመጥ ልበል?»

«ሃያ ስድስት።»

ልጁ በጣቱ ቆጠረ። ሰባ ሰባት ዓመት በሞላቸው እናቱ ላይ ሃያ ስድስት ሲደምር ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን ታፈጣለህ? ጻፈው እንጂ» አሉት። «እኔ ቀምሻለሁ።»