በምራቅ የተጠረገ ፊት

ሰዓሊዋን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጸጉር ሠሪ ናት። ዓይኗ ያየውን እጇ ሳይነካው አያልፍም። ሰዓሊዋ ልጅ ሳለች፣ ከቤት በወጣች ቁጥር እህቷ በር ላይ አስቁማ፣ አውራ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ጉንጯን ትፈትግላት ነበር። ብታለቅስም አትለቃትም።

ዛሬ ሰዓሊዋ ከቦርሳዋ የማይጠፉትን፣ ውሃ ሲነካቸው የሚሟሙትን እርሳሶች ይዛ ጸጉር ቤቱ ድረስ መጣችና እህቷን ሳለቻት። ገና መስመሮቹን የምታሟሟበትን ብሩሽ ውሃ ሳታስነካ እህትየው ወረቀቱን ነጠቀቻት።

«እኔ እንዲህ አርጅቻለሁ? ይሄ ዓይኔ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የራስሽ መስመር ነዋ፣ እህት ዓለም።»

«ቆይ፣ ላስተካክለው!»

አውራ ጣቷን ላስ አድርጋ ሥዕሉን ከዓይኑ ሥር ፈተገችው። እርሳሱ ሟሟና ጥቁሩ እስከ አገጩ ወረደ።

ሰዓሊዋ ቱግ አለች። «ፊቴን ስትፈትጊ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ ሥራዬን!»

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው…»

«ሁሌም ለእኔው ነው!»

ወረቀቱን መንጭቃ ከትልቁ መስታወት ጎን ለጠፈችው።

«እንዳታነሺው! ደንበኞችሽ ‹ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?› ካሉሽ፣ ‹ሳስተካክል ነው› በያቸው።»