ሽታ የሌለው ከሰል

በዩሚ ስለ ከሰል ሲያወራ የሰማ ሰው፣ ሴት ልጁን ሊድር ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከብርቱካን እንጨት የከሰለ ነው ይላል፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ አመሉ የታወቀ። ሁለት ቁራጭ አንስቶ ያጋጭና ድምፁን ስሙልኝ ይላል። ሰውም ለይሉኝታው ብሎ ጆሮውን ይሰጠዋል። ከሰል ከሰል ነው ብለህ የመለስክለት እንደሆነ ግን የዚያን ቀን ሺሻህን ጨዋ ፍም አያገኛትም።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ በክብሪት ቶሎ የሚቀጣጠለው ከሰል ግማት አፍንጫው ሥር ሲደርስ አልሐምዱሊላህ የሚለው። ሰው ይስቅበታል። ይሳቅበት፤ ያ ግማት የአንድ ወንድ ልጁን ነፍስ አትርፎለታል። አንድ ወንድ ልጅ ያለው ሰው ቢሳቅበት ምን ይጎድልበታል?

በዩሚ የሚሠራው እስክንድርያ፣ ባሕሪ ሠፈር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች ሻይ ቤት ነው። ሻይ የሚያፈላው ሌላ ነው፣ ሒሳብ የሚቀበለው ሌላ ነው፤ እሳቱ ግን የበዩሚ ነው። ጠዋት መጥቶ የብረት ማንደጃውን በሩ ፊት የእግረኛው መንገድ ላይ ያወጣል፣ ከሰሉን ይሰባብራል፣ ያቀጣጥላል፣ ያራግባል። አይቸኩልም። ጫፉ ቀልቶ ልቡ ጥቁር የሆነ ከሰል ሺሻ ላይ አያወጣም። ሁለንተናው ደም መስሎ ላዩ ስስ አመድ ሲለብስ ነው በጉጠት አንስቶ፣ እፍ ብሎ፣ ትንባሆው አናት ላይ የሚያስቀምጠው። እስከዚያ ደንበኛው ይጠብቃል። ንጉሥም ቢመጣ ይጠብቃል።

ሐጅ ሸርቢኒ ግን አይጠብቅም። ዕድሜውን ሙሉ ትራም ሲነዳ የኖረ ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል። መቸኮል ደሙ ውስጥ ገብቷል። ሻዩን ሳይበርድ ይጨልጥና ምላሱን ሲያቃጥለው ያፈላውን ሰው ይሰድባል። ኮቱ ኪስ ውስጥ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ክብ ክብ ከሰል ይዞ ይዞራል። ክብሪት ሲያስጠጉት ፍጭጭ ብሎ ብልጭታው ከዳር ዳር ይሮጣል፤ ሽታው ደግሞ ልጆች የዒድ ርችት የተኮሱበትን ጠባብ ሰፈር ያስንቃል። በዩሚ ይሄን ከሰል ባሩድ ብሎታል። ከዚህ ጣሪያ ሥር ባሩድ አይለኮስም ብሎም ሕግ አውጥቷል፤ ሸርቢኒ ከቸኮለ ውጭ ቱቦው ጋ ቆሞ ይለኩስ፣ ግማቱ ሲወጣለት ይግባ።

"ከነባሩድህ ውጣልኝ" ይለዋል በዩሚ በየቀኑ።

"ያንተ ከሰል እስኪቀላ ሁለተኛ ሐጅ አድርጌ እመለሳለሁ" ይላል ሸርቢኒ፣ እየወጣ።

በሩ አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ ወጣ ገባ ለማለት እንዲመቸው። ሁለቱም እንዲህ ሲነታረኩ ውለው ማታ በሰላም እደር ተባብለው ይለያያሉ። ቂም የላቸውም፤ አንዱ ቢቀር ሌላው አፉ ላይ የሚመጣውን ነገር የሚጥልበት ሰው ያጣል።

የበዩሚን አባት ባሕር በልቶታል። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። በዩሚ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፤ መረቡን ሸጦ፣ ለባሕር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ እሳት ገባ። እሳት ቢያንስ ዓይኔ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ይላል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፤ ሴቶቹን ልጆቹን ካሳደገ በኋላ በስለት ያገኘው መርሲ፣ እንደ አያቱ ካለ ባሕር አልኖርም ብሎ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ተቀጠረ። በዩሚ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አኮረፈ። ሚስቱ ሰኒያ አለቀሰች። ልጁ ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ባሕር ላይ ባለች ቁጥር በዩሚ ፍሙን እያራገበ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው።

በታኅሣሥ፣ ሽማግሌዎቹ ቃሲም የሚሉት ማዕበል ሊገባ ሲል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይጀምር መረባችንን እናውጣ ብለው ተነሡ። መርሲም ቡትስ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል በዩሚ በሩ ላይ ቆመ። እስከዚያ ቀን ልጁን ለምኖት የማያውቀውን ያህል ለመነው። ዛሬን ብቻ ቅር፣ ከኔ ጋር ዋል፣ ከሞቀበት ተቀምጠህ ሻይ ጠጣ፣ አለው። መርሲ አባቱ እንደዚያ ሲሆን አይቶ አያውቅም ነበርና ጫማውን መልሶ አወለቀ። ሰኒያ የባሏን እጅ ይዛ፣

"በል፣ አደራህን" አለችው።

"ከኔ ጋር ሆኖ ምን ያገኘዋል? እሳት ዳር ነው የማስቀምጥልሽ" አላት።

ዝናቡ ቀትር ላይ፣ አባትና ልጅ ሻይ ቤት ሳሉ፣ ጀመረ። በጎን የሚመጣ፣ ፊት የሚገርፍ ዝናብ ነው። የእግረኛው መንገድ ወንዝ ሆነ፤ ማንደጃው ላይ ውሃ እየተረጨ ፍሙ ጭስ ጭስ አለ። በዩሚ ደግሞ እሳቱ ከሚጠፋበት እሱ ቢጠፋ ይመርጣል። ማንደጃውን አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ አስገባና ጥጉ ላይ አስቀመጠው። ሻይ አፍዪውና ሒሳብ ተቀባዩ ቤታቸው ሄደዋል። የቀሩት መረብ ጠጋኙ ዓብዱራሱልና ከሱ ጋር ዶሚኖ የሚጫወት ጎረቤቱ፣ በሩ አጠገብ ሸርቢኒ፣ እንዲሁም አባትና ልጅ ናቸው። የመስታወት በሩን ዘጉት፤ ነፋሱ ከሥር ሲያፏጭባቸው ጆንያ ጠቀጠቁበት።

በዩሚ ያን ሁሉ ዘመን ከእሳት ጋር ኖሮ እንዴት ይሄን ያደርጋል? እኮ እንዴት? ከሰል ሰው እንደሚያፍን አሳምሮ ያውቃል። ብቻ የሚያፍነው የሌላ ሰው ከሰል ይመስለዋል። ጭስ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ የብርቱካን እንጨት ከሰል ማንን ያፍናል? ይሄን ስህተት የሚሠራው ከሰሉን የሚያፈቅር ሰው ብቻ ነው። የሚገማ ከሰል ያለው ሰው በሩን ይከፍታል።

መርሲን ማንደጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስተኛው። ከሁሉ የሚሞቀውን ቦታ ለልጁ ሰጠ። ልጁ ሌሊት ለጉዞ ሲሰናዳ እንቅልፍ አላገኘምና ወዲያው ሸለብ አደረገው። በዩሚ የገዛ ካፖርቱን አለበሰውና እግሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ሲያየው ጉንጩ ቀልቷል። ብርድ ያጠቆረው ፊቱ ላይ ደም መጣለት ብሎ ደስ አለው። ምነው ያን ጊዜ አንድ ሰው የከሰል መርዝም ጉንጭ እንደሚያቀላ በነገረው።

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ማዛጋት ጀመሩ። ዓብዱራሱል ተራው ደርሶ ጠጠሯን በጣቱ እንደያዘ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱም አይቆጣውም። አንዱ ራሴን አለ፣ ሌላው ጠዋት የበላነው ፉል ነው አለ። በዩሚም ራሱን ከበደው። የአየሩ ነገር ነው ብሎ ተወው። ሸርቢኒ ከበሩ ሆኖ ፍም አምጣ ብሎ ተጣራ። በዩሚ እሺ አለ፤ አለ እንጂ አልተነሣም። ሸርቢኒ ደግሞ ተጣራ።

ሸርቢኒን በበሩ ጎን ስንጥቅ የሚገባው ነፋስ ሲመታው ነው የዋለው፤ ጉልበቱን እየቆረጠመው ሲራገም ነበር። ራሱ ግን ደህና ነው፣ ቁጣውም ደህና ነው። ትዕግሥቱ አለቀ። ኪሱ ገባ፣ ባሩዱን አወጣ፣ እዚያው ጣሪያው ሥር፣ እዚያው ሕጉ ፊት፣ ክብሪት ጫረ። ፍጭጭ አለ። ቢጫ ጭስ ቤቱን ሞላው።

"አንተ ሰውዬ" ብሎ በዩሚ ሊነሣ ሲል ማንደጃው አጠገብ በአፍ ጢሙ ተደፋ። ዓብዱራሱል አፍንጫውን በሻርፑ ይዞ፣ የሸርቢኒን ሰባት ትውልድ እየረገመ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሄደና ጆንያውን በእግሩ ገፍቶ በሩን ወለል አደረገው። ማዕበሉ ገባ። ጽዋውን ገለበጠ፣ ዶሚኖውን በተነ፣ የበዩሚን ፊት በዝናብ አጠበው። በዩሚ አንድ ትንፋሽ ሳበ፣ ሌላ ሳበ። ያን ጊዜ ገባው። ወደ አግዳሚው ዞረ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መርሲ አልነቃም።

ስሙን ጠራው፤ ዝም። በጥፊ መታው፤ አንገቱ ዘንበል አለ። በዩሚ ብቻውን ሊያነሣው አልቻለም። እግሩን ሸርቢኒ፣ ብብቱን ዓብዱራሱል ይዘው፣ ዶሚኖ ተጫዋቹ ጎረቤትና በዩሚ በዳዴ እየተከተሉ፣ ልጁን ጎትተው ዝናቡ ውስጥ አወጡት። በዩሚ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጉንጩን እየመታ መርሲ መርሲ ይላል። ለፈጣሪው ምን ያልገባለት ቃል አለ? ባሕሩን ሳይቀር ማረኝ አለው። በመጨረሻ የልጁ ደረት ተነሣ። አስመለሰው። አስመለሰውና ዓይኑን ገለጠ፤ ሰማዩን አየ፣ አባቱን አየ።

"አባዬ፣ ጀልባዋ ሄደች እንዴ?" አለ።

በዩሚ ቱቦው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ጮኾ አለቀሰ። ሰው ያየኛል አላለም። ልጁን ለዓብዱራሱል አስደገፈና ተነሥቶ የሸርቢኒን ግንባር ሳመ፣ እጁን ይዞ ሊስም ሲል ሸርቢኒ ነጠቀው።

"ምን ነካህ አንተ? ሺሻዬ ቀረብኝ ብዬ እኮ ነው" አለ ሸርቢኒ።

"ትዕግሥት የነሳህ ጌታ ይመስገን" አለው በዩሚ። "ሸርቢኒ፣ አንድ ቀን ብትታገሠኝ ኖሮ ልጄን ገድዬው ነበር።"

ሸርቢኒ ኮቱን አውልቆ መርሲ ላይ ጣለ።

ባሕሩ ያን ቀን ማንንም አልነካም። ጀልባዋ ማዕበሉን ቀድማ ወደብ ገብታለች፤ አለቃዋም መርሲ ባይመጣ እንኳ ልጃችን ነው ብሎ የድርሻውን ዓሣ እቤቱ ድረስ ልኳል። በዩሚ ልጁን ደግፎ ሲገባ ሰኒያን ዓሣውን ስትጠብስ አገኛት። ሌላ ሰው ቢሆን ዝናብ መታን ብሎ ያልፈው ይሆናል። በዩሚ አላለፈውም። አደራዋን እንዴት እንደያዘ፣ በሩን ማን እንደዘጋ፣ ጉንጩ ሲቀላ ደስ ብሎት እንደነበር፣ ሁሉንም ቆሞ ነገራት። ሰኒያ አልጮኸችበትም። መርሲን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ ባሏን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ያን የሚገማውን የለኮሰው ማን ነው አለችው። ነገራት።

መርሲ በልቶ፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ ተኛ። ሰኒያ ከዓሣው የተሻለውን ሳህን ላይ አድርጋ፣ ነጠላ ነገር ጣል አድርጋ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሸርቢኒ ቤት ሄደች። በሩን ሲከፍት የሰው ሚስት በዚያ ዝናብ ደጁ ላይ ቆማ ስላየ ደነገጠ። ሳህኑን ሰጥታው ቀኝ እጁን ስትስመው ደግሞ የባሰውን ተርበተበተ።

"ኧረ በአላህ፣ ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ? እኔ ምን አደረግሁ? ሺሻው ዘገየብኝ፣ ተናደድሁ፣ ለኮስሁ፤ በቃ" አላት።

"ይሁን ሐጅ" አለች ሰኒያ። "ምን አስበው ለኮሱት ብዬ አልጠየቅሁዎትም። ልጄ ያንኮራፋል። በሩን ዘግቼ የወጣሁት ማንኮራፋቱን እየሰማሁ ነው።"