ወንድሜን ከሽመናው ያስነሳሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ለቃቅሜ እናገራለሁ፤ ይቺን ግን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገርና ፍረዱኝ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤት ጎን ለጎን እንሸምን ነበር። መወርወሪያ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የአባታችንን የዱንጉዛ ጥለት፣ ቀይ ቢጫና ጥቁሩን፣ ሳላዛንፍ እሠራለሁ፤ ገበያተኛም አመስግኖ ይወስዳል። ከዚያ በላይ ምን ፈለግኩ? ምንም። እሱ እስኪበልጠኝ ድረስ ምንም።

አንድ ቀን ደንበኛችን የሆነች መምህርት በስልኳ ፎቶ አሳየችን። ፔሩ በሚባል አገር የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሸመኑት ጨርቅ ነው አለች። ክንፍ ያለው ሰው በአየር ላይ ተዘርግቶ ይበራል፤ ከአፉ እባብ ይወጣል፤ ዳር ዳሩን ዓይናቸው የፈጠጠ ድመቶች ተደርድረዋል። ሬሳ ተጠቅልሎበት ደረቅ አሸዋ ውስጥ ስለተቀበረ ነው ቀለሙ ያልለቀቀው አለችን። እኔ "ጉድ ነው!" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ዳንኤል ግን ስልኩን አልመልስ አለ።

"ጋሼ፣ እነዚህም እንደ አባቶቻችን ደገኞች ናቸው እኮ!" አለኝ።

ከዚያ ባለ ክንፉን ሰው በጋቢ ጥለት ላይ ማውጣት ጀመረ፤ ሳይሥል፣ ሳይለካ፣ ክሩን በጣቱ እየለቀመ። መንገደኛው በር ላይ ቆሞ እኔን አልፎ እሱን ያያል። መምህርቷ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ላይ አቀርብልሃለሁ ስትለው መወርወሪያዬን ጥዬ ወጣሁ። እናታችን ስትመርቀው እንኳ ምርቃቱን ከአፏ ልነጥቅ ፈለግኩ። ወንድም በወንድሙ እንዲህ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን እናታችን ታመመች። ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ወባ ነው ብለው የነገሩት ለእኔ ነው፤ መድኃኒቱንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዳንኤል "ምን አሉ?" ሲለኝ ግን "አልታወቀም፤ ማስታገሻ ብቻ ሰጡን" አልኩት። ቀጥዬም ጎሜ ነው አልኩ። ጎሜ እኛ ጋሞዎች ዘንድ የተከለከለን ነገር መንካት ነው፤ መዘዙ ሕመም ሆኖ በቤተሰብ ላይ ይወርዳል።

"የሬሳ መጠቅለያ ሰው በሚኖርበት ቤት ትሸምናለህ፤ ምን ጠበቅክ?" አልኩት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

ቢላ አንስቶ ድሩን ከነባለ ክንፉ ሰው ቆረጠው፤ እያለቀሰም አቃጠለው። እናታችን መድኃኒቷን ስትጨርስ ተነሳች። ዳንኤል ጎሜው ለቀቀን ብሎ መወርወሪያ ዳግመኛ ላይነካ ማለ።

አሁን ጫኖ ወርዶ ሙዝ ያለማል። በዓል በመጣ ቁጥር ሙዝ አስጭኖ ይመጣና እናታችን ፊት ያመሰግነኛል። "እማን ያተረፍክልን አንተ ነህ፣ ጋሼ" ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሙዙን እበላለሁ።

ለምን አልነግረውም? ይቅር አይለኝም ብዬ ብፈራ ኖሮ እንኳ ሰው ነበርኩ። ዳንኤልን አውቀዋለሁ፤ አልቅሶ ይቅር ይለኛል። ይቅር ብሎኝ ሲያበቃ ግን ተመልሶ ይሸምናል። ዝም ያልኩት እሱ እንዳይሸምን ነው፤ ዛሬም። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም፤ ኃጢአቱን ገና እየሠራሁት ነው።