የጠፋ ሰው ሕግ

ሴትዮዋ ቅዳሜ ከሰዓት ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወዳለው ጭማቂ ቤት ስትመጣ፣ ሁልጊዜ በሩን የሚያሳየው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እጅጌው የተጠቀለለ ሰፊ የወንድ ጃኬት ትለብሳለች፤ ስልኳንም ከዓይኗ አታርቅም። እዚያ የሚሰበሰቡት ወጣቶች አንዱ ጠንቋይ፣ ሌላው ጦረኛ ሆነው፣ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር እየወረወሩ አብረው ተረት ይፈጥራሉ። ጨዋታውን የምትመራው ሌሊሴ እንኳ፣ አብራቸው የምትጫወተውን ሴትዮ የምታውቃት በተረቱ ውስጥ ባላት ስም ብቻ ነው።

ዛሬ ክርክሩ በሕጉ ላይ ነበር። ባምላኩ የሚባለው ተጫዋች፣ «ከጨዋታው ደጋግሞ የቀረ ሰው፣ የሚጫወተው ጀግና እንደሞተ ይቆጠር፤ ታሪኩ ቆመ እኮ!» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ።

«አስከሬኑን ማን አየ?» አለች ሴትዮዋ።

«ኧረ እህቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አላት ባምላኩ።

«ይሁን። የጠፋን ሰው ግን ሞተ አትበሉ። መንገድ ላይ ነው በሉ።»

«እስከ መቼ?»

ስልኳን ከፍታ አየችና መልሳ አስቀመጠች።

«እስኪመጣ» አለች ሌሊሴ ፈጥና፤ ሕጉም እንደዚያ ሆነ። ሴትዮዋ ግን ተራዋ ሲደርስ ዳይሱን እንደ ጨበጠች ሳትወረውር፣ የጃኬቱን እጅጌ እየዳሰሰች በሩን ታይ ጀመር።