ስም የማይጠራበት ተራራ

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ሽንፋ አካባቢ የሰሊጥ አጨዳ የጨረስን ሰሞን ነው። ዛሬም ሰው ሲያፏጭ ስሰማ ከዚያ ቦታ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ከጎጃም የወረድነው ከታናሽ ወንድሜ ከይበልጣል ጋር ነበር። ሚስቱን በመውለጃዋ ወር ትቷት ስለመጣ ሐሳቡ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ካምፓችን ደግሞ ስልክ አይሠራም። የእርሻው ጥበቃ አባ እድሪስ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው። “ተራራው አናት ላይ ይሠራል፤ እኔ አወጣችኋለሁ” አሉን።

ተራራው ዝንጀሮና አጋዘን የሞላበት ነው፤ ነብርም አለ ይባላል። ግርጌው ስንደርስ አባ እድሪስ ቆም አሉ።

“እዚህ ሰው በስሙ አይጠራም። ስሙ የተጠራ እዚሁ ይቀራል። ከተጠፋፋችሁ አፏጩ።”

ይበልጣል ሳቀ። እኔ ግን የሰው አገር ደንብ ይከበራል ብዬ እሺ አልኳቸው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ይበልጣል ወደ ቤት ደወለ። ሴት ልጅ ተወልዳለት አራተኛ ቀኗ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ ለቅሶዋን አሰማኝ።

“እናንተ ውረዱ፤ እማዬን አናግሬ እደርስባችኋለሁ” አለን።

ግማሽ መንገድ ወርደን ብንጠብቀው ቀረ። ተመልሰን ወጣን፤ የለም። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ደጋግመን አፏጨን። የመለሱልን ዝንጀሮዎች ብቻ ናቸው። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ልጠራው አፌን ስከፍት አባ እድሪስ ክንዴን ያዙኝ።

“ተው ልጄ። እኔ የራሴን ልጅ እዚህ ጠርቼ ነው ያጣሁት” አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ስሙን ሳልጠራ እንደገና አፏጨሁ። ሲመሽብን በሌላ በኩል ወርዶ ይሆናል ብለን ተመለስን። ካምፕም አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ከሠራተኞች ጋር ወጥተን ከዚያው ገደል ሥር አገኘነው። ጭኑ ተሰብሮ ብዙ ደም ፈሶታል፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም። በትራክተር ተሳቢ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ስንወስደው ራሱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌው ነበር።

“ስንፈልግህ አልሰማኸንም?” አልኩት።

“ፉጨት ሰምቻለሁ። የሽማግሌውን ደንብ ከቁም ነገር ስላልቆጠርኩት ከሩቅ ያለ የከብት ጠባቂ መሰለኝ” አለ በደከመ ድምፅ። “አንተ ብትሆን በስሜ ትጠራኝ ነበር ብዬ፣ ጉልበቴን ለጠዋት ልቆጥብ ብዬ ዝም አልኩ።”

ገንዳ ውሃ ሳንደርስ አረፈ።

በአባ እድሪስ አልፈርድም። አስከሬኑን ስንጭን ከእኔ ብሰው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ለእናቴና ለሚስቱም ገደል ገባ ብቻ ነው ያልኳቸው፤ የቀረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንዳንዴ የአባ እድሪስ ነገር እውነት ይሆን እላለሁ። እውነት ቢሆንም ጠርቼው ቢቀር ይሻለው ነበር። ወንድሜ እየፈለገኝ ነው እያለ ይቀር ነበር። እሱ ግን ትቼው የሄድኩ መስሎት ነው ያን ሌሊት ብቻውን ያደረው።