ሸጋ የተባለው ጨሌ

ከደንበጫ የወጣሁ ማታ እናቴ በእጇ የፈተለችውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች «ሸጋ አገር ይግጠምህ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ሸጋ የማይባል ነገር የለም፤ ልጃገረዷም ሸጋ፣ ጤፉም ሸጋ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰውም ሸጋ ነው።

መርካቶ ገብቼ በሬዬን የሸጥሁበትን ገንዘብ እንዳለ ሰማያዊ ጨሌ ገዛሁበት። ጋምቤላ ያሉት አኙዋኮች ጥሎሽ የሚሰጡት በሰማያዊ ጨሌ ነው ያለኝ አንድ ሹፌር ነበር። አልዋሸም፤ ብቻ አልጨረሰውም። ከጎሬ ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ባሮ ስንደርስ ሸሚዜን።

ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ አዲሱ የክልል መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው «ክልል?» አለኝ።

«ጎጃም።»

«ጎጃም የሚባል ክልል የለም።»

«እናቴ እንዳትሰማዎት» አልሁት።

ገበያ ላይ ጨሌዬን ዘርግቼ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» ስል ሦስት ሳምንት ሰነበትሁ። ሴቶቹ ያነሡታል፣ ወደ ፀሐይ ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ካልተሸጠ ወደ ደንበጫ መመለሴ ነው፤ በሬውን ሸጦ ወጥቶ ባዶ እጁን የገባን ሰው ደግሞ ሸጋ የሚለው የለም።

ቤት ያከራየችኝ ማማ አጁሉ የምትባል አኙዋክ ናት። ጓዜን ስሸክፍ አየችኝና ከሣጥኗ አንድ ድሪ ጨሌ አወጣች። ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተሸራርፏል፤ እኛ ጋ ለበግ አንገት አይታሰርም። እናቷ የተዳረችበት ነው አለችኝ፤ ከአንዱ ጥሎሽ ወደ ሌላው ጥሎሽ ሲዞር ኖሮ፣ ልጇ ስትዳር ተመልሶ እሷው ቤት ገባ።

«ሸጋ ይሄ ነው» አለችኝ።

«የኔስ?»

«ያንተ ገና ነው። ማንንም አላጋባም።»

ጨሌዬን ከአልጋ ሥር ከተትሁት። ጋቢዬን ወባ ለሚያንቀጠቅጠው አንድ መምህር ሸጥሁና ጨውና የዓሣ መንጠቆ ገዝቼ ገበያ ላይ ዘረጋሁ። እሱ ተሸጠ፤ አልተመለስሁም።

በቀጠሮ ቴሌ ገብቼ ለእናቴ ደወልሁ። «አገሩ ሸጋ ነው?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ እማ። ማንንም አላጋባም።»

«አንተንም?»

መልሴን ሳትጠብቅ «በል ጋቢህን ጣል አድርግ፣ ይበርድሃል» አለችኝ።

ላቤን እየጠረግሁ «እሺ፣ እማ» አልኋት።